ማንም ያላቆማቸው ደንጊያዎች

በመካኒሳ አቦ የምትኖሩ ልጆች ሁሉ የሰፈራችንን ደንጊያ ታውቃላችሁ። መልኩ ጥቁር ወይም ግራጫ ነው፤ ብዙው በትናንሽ ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነው፤ ሲሰበርም ስለቱ እጅ ይቈርጣል። ቤት የሚሠሩ ሰዎች ለመሠረት የሚያስገቡት፥ እናንተም ኳስ ስትጫወቱ ለግብ ምልክት የምታኖሩት ይኸው ደንጊያ ነው። ዘወትር ስለምናየው ከየት እንደ መጣ አንጠይቅም። ሰው የሚጠይቀው ያልለመደውን ነገር ሲያይ ነውና።

ከተማሪዎቼ አንዱ አንድ ቀን ፎቶግራፍ ይዞ ወደ ክፍል መጣ። በፎቶግራፉ ላይ ቤት የሚያህል ደንጊያ በሌላ ደንጊያ ጫፍ ላይ፥ እንስራ በሴት ራስ ላይ እንደሚቀመጥ፥ ተቀምጦ ይታያል። ስፍራው ከሐረር በስተ ምሥራቅ፥ ከባቢሌ ማዶ የሚገኘው የዳካታ ሸለቆ ነው፤ አገር ጐብኚዎች የተአምራት ሸለቆ ይሉታል። ልጆቹ ይህን ባዩ ጊዜ በሁለት ተከፍለው ተከራከሩ። እኩሌቶቹ «በጥንት ዘመን የነበሩ ግዙፋን ሰዎች አንሥተው አቆሙት» አሉ። እኩሌቶቹም «ፎቶግራፉ በኮምፒዩተር የተሠራ ሐሰት ነው» አሉ። በኋላ ሁሉም ወደ እኔ ዘወር ብለው «የኔታ፥ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱም ወገን እንደ ተሳሳተ ነገርኋቸው፤ ነገር ግን ፊታቸውን ሳየው አላመኑኝም።

ስለዚህ በጥር ወር፥ በመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፥ አራት ተማሪዎችን ይዤ ለመሄድ ተነሣሁ። የአንደኛው ልጅ አባት መኪና ነበረው፤ ደግሞም በዚያ አገር ሠርቶ ስለ ነበረ ኦሮምኛ አጥርቶ ይናገራል። ስንቃችንን፥ ውሃችንንና ብርድ ልብሳችንን ጭነን በማለዳ ከመካኒሳ ወጣን፤ በቃሊቲ በኩልም አድርገን ወደ ምሥራቅ አቀናን።

የመንገዱን ሁሉ ነገር ብጽፍ መጽሐፉ አይበቃም። ነገር ግን ከመተሐራ አጠገብ ቆመን ያየነውን መናገር ያስፈልጋል፤ የሰፈራችን ደንጊያ እንዴት እንደ ተወለደ ያየነው በዚያ ነውና። በመንገዱ አጠገብ የፈንታሌ ተራራ ቆሟል። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,007 ሜትር ነው፤ ራሱም እንደ ድስት አፍ የተከፈተ ነው። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ከዚህ ተራራ ሥር የቀለጠ ደንጊያ እንደ ገንፎ እየፈላ ወጥቶ በሜዳው ላይ ፈሰሰ፤ በነፋስም ቀዝቅዞ ረጋ። ዛሬ ጥቁር ሆኖ፥ ተሰባብሮና ተቈልሎ ይታያል፤ ሣር እንኳ በደንብ አልበቀለበትም። እሳቱም ከምድር በታች ፈጽሞ አልጠፋም፤ በ2017 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ስለ ተንቀጠቀጠ እጅግ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ትቶ ተነሥቷል።

ከተማሪዎቹ አንዲቱ ልጅ ከዚያ ጥቁር ደንጊያ አንድ ቁራጭ አንሥታ አገላበጠችና «ይህ እኮ የእኛው ደንጊያ ነው» አለች። እውነቷን ነው። የመካኒሳ ደንጊያም ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት እንዲሁ ቀልጦ ፈስሶ የረጋ ነው። ቀዳዳዎቹም በፍላቱ ጊዜ በውስጡ የነበረው ጋዝ የወጣባቸው መንገዶች ናቸው፤ በእንጀራ ላይ የምናየው ዓይን እንደሚወጣ ማለት ነው።

በዚያው አጠገብ የበሰቃን ሐይቅ አየን። ይህ ሐይቅ በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ እየዋጠ ሰዎችን አስቸግሯል። ብዙ ሐይቆች በሚደርቁበት ዘመን ይህ ማደጉ ያስደንቃል። ግን ጉዳያችን ደንጊያ ነውና እንለፍ።

አዋሽን ተሻግረን በአሰበ ተፈሪ አደርን። በማግሥቱ የጨርጨርን ደጋ፥ ማሽላውንና ቡናውን እያየን፥ በቁልቢ በኩል አልፈን ሐረር ደረስን። በእነዚህ ተራሮች ላይ ሌላ ዓይነት ደንጊያ ይገኛል፤ ነጣ ያለና እንደ መጽሐፍ ገጽ ተነባብሮ የተቀመጠ የኖራ ደንጊያ ነው። ይህ ከእሳት አልተወለደም። በጥንት ዘመን ባሕር ምሥራቁን አገራችንን ሸፍኖ በነበረ ጊዜ፥ የባሕር እንስሳት ቅርፊትና ጭቃ ከወለሉ እየተከማቸ የረጋ ነው። ልጆቹ «ባሕር እዚህ ድረስ?» ብለው ሣቁ። እኔም ልጅ ሳለሁ ይህን የነገረኝ ሰው የሚቀልድ መስሎኝ ነበር።

የሐረርን ከተማ፥ ጁገል የተባለውን ቅጥሯንና አምስቱን በሮቿን ማየት ለብቻው አንድ ትምህርት ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች ጋር ተመዝግባለች። ልጆቹም ጅብ በእጅ ሲበላ ለማየት አንድ ቀን እንድንጨምር ለመኑኝ፤ ማየቱንስ በማታ አየን፤ ነገር ግን ቀን አልጨመርሁም።

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ወደ ባቢሌ ወረድን። ባቢሌ በኦቾሎኒዋና በግመል ገበያዋ የታወቀች ናት፤ በስተ ደቡቧም በ1962 ዓ.ም. የተከለለው የዝሆን መጠለያ አለ። ከባቢሌ ወጥተን የጅጅጋን መንገድ ይዘን ጥቂት እንደ ሄድን መኪናው ውስጥ የነበረው ጨዋታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም አለ።

ከመንገዱ ግራና ቀኝ፥ ዓይን እስኪደክም ድረስ፥ ደንጊያዎች ቆመዋል። አንዳንዱ እንደ ዓምድ ቀጥ ብሏል። አንዳንዱ እንደ ዳቦ ክብ ሆኖ በሦስት ትናንሽ ደንጊያዎች ላይ፥ ምጣድ በጉልቻ ላይ እንደሚጣድ፥ ተጥዷል። አንዳንዱም አናቱ ሰፊ፥ አንገቱ ቀጭን ሆኖ አሁን ይወድቃል የሚያሰኝ ነው። በመካከላቸው ግራርና ቁልቋል በቅሏል፤ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ቀይ ኩይሳም በየቦታው ይታያል። የደንጊያዎቹ መልክ እንደ መካኒሳ ደንጊያ ጥቁር አይደለም፤ ቀላ ያለ፥ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበትም ወርቅ የሚመስል ነው። ሐሰት ነው ብሎ የተከራከረው ልጅ ከመኪናው ወርዶ ደንጊያውን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ምንም አልተናገረም።

አሁን ትርጓሜውን ልናገር። በዳካታ የቆመው ደንጊያ ግራናይት ይባላል። ይህም እንደ ጥቁሩ ደንጊያ በመጀመሪያ ቀልጦ የነበረ ነው፤ ነገር ግን ወደ ላይ አልፈሰሰም። ብዙ ኪሎ ሜትር ከምድር በታች ሳለ፥ ላዩ በሌላ ደንጊያ ተከድኖ፥ ቀስ በቀስ እጅግ ረጅም ዘመን ወስዶ በረደ። ማር ቀስ ብሎ ሲረጋ ሻካራ ዘር እንደሚይዝ ሁሉ፥ ቀስ ብሎ የበረደ ደንጊያም ዓይን የሚያየው ዘር ይይዛል። ቀርባችሁ ብታዩት ሦስት ዓይነት ዘር ታገኛላችሁ፤ እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፈው ኳርትዝ፥ ቀላ ወይም ነጣ ያለው ፌልድስፓር፥ የሚያብለጨልጨውም ሚካ ነው። የዚህ አገር ግራናይት ዕድሜው ከ500 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። እንግዲህ ከመካኒሳ ወደ ዳካታ የሄደ ሰው ከቤት ጣሪያ ወደ ወለሉ እንደ ወረደ ነው፤ ከላይ ጥቁሩን የእሳት ደንጊያ፥ ከመካከል የባሕሩን ኖራ፥ ከታች ደግሞ የሁሉ መሠረት የሆነውን ግራናይት ያገኛል።

በላዩ የነበረው ሸክም በዝናብና በጐርፍ ተጠርጎ ሲሄድ ግራናይቱ ወደ ምድር ፊት ቀረበ። ጭነት የወረደለት አህያ ጀርባውን እንደሚዘረጋ፥ ሸክሙ የቀለለለት ደንጊያም በጥቂቱ ተነፋ፤ ሲነፋም ተሰነጠቀ። ስንጥቆቹ ቁልቁልና አግድም ስለ ሆኑ ታላቁ ደንጊያ በአፈር ውስጥ ሳለ ጡብ እንደ ተደረደረበት ግንብ ተከፋፈለ።

ከዚህ በኋላ የሚሠራው ውሃ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ጥቂት ኮምጣጣ ነገር ይዞ በስንጥቁ ይገባል። ኳርትዙን አይጐዳውም፤ ፌልድስፓሩን ግን እያለሰለሰ ወደ ሸክላ አፈር ይለውጠዋል። ያን ጊዜ ደንጊያው ማያያዣውን ያጣል፥ ይፈረፈራልም። አሞሌ ጨው በዝናብ ላይ ብታስቀምጡ ምን ይሆናል? ፊቱ በአንድ ወገን ብቻ ይሟሟል፤ ጠርዙ በሁለት ወገን ይሟሟል፤ ማዕዘኑ ግን ከሦስት ወገን ስለሚነካ ከሁሉ ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ አራት ማዕዘን የነበረው አሞሌ ክብ ይሆናል። የዳካታም ደንጊያ እንዲሁ በአፈር ውስጥ ሳለ ማዕዘኑ አልቆ ክብ ሆነ። በመጨረሻም ጐርፍ መጥቶ በመካከል ያለውን ልስልስ አፈር ጠርጎ ሲወስድ፥ ጠንካራው ደንጊያ ብቻ በነበረበት ተደራርቦ ቀረ። የዳካታ ወንዝ በበጋ አሸዋ ብቻ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በክረምት ግን ያን አሸዋ ወደ ዋቢ ሸበሌ አቅጣጫ ይነዳዋል። አሸዋውም ሌላ ነገር አይደለም፤ ከደንጊያዎቹ መካከል የወጣው ግራናይት ነው።

እንግዲህ ላይኛውን ደንጊያ ወደ ላይ ያነሣው የለም። እርሱ ከጥንትም በዚያው ከፍታ ነበረ፤ የጐደለው በዙሪያው ያለው መሬት ነው። ግዙፋን ሰዎች ናቸው ብሎ የተከራከረው ልጅ ይህን በሰማ ጊዜ ብዙ አሰበና «እንዲያስ ከሆነ ሥራው የመጨመር ሳይሆን የመቀነስ ነው» አለ። እኔ በብዙ ቃል ያስረዳሁትን እርሱ በአንድ አፍ ጨረሰው።

ያች ልጅ ግን «ታዲያ ለምን አይወድቅም?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ መልካም ነው። እንስራ የተሸከመች ሴት እንስራዋን በራሷ መካከል ታደርጋለች፤ ክብደቱ ቀጥ ብሎ በእግሯ መካከል ሲወርድ አይወድቅባትም። ደንጊያም እንደዚሁ ነው፤ ክብደቱ ቁልቁል የሚወርድበት መስመር ከመቀመጫው ውጭ እስካልወጣ ድረስ፥ አንገቱ ቢቀጥንም ይቆማል። ደግሞም ዙሪያችሁን ተመልከቱ አልኋቸው፤ በመሬት ላይ ተጋድሞ የሚታየው ደንጊያ ከቆመው ይበዛል። ሚዛኑን ያልጠበቀው ሁሉ አስቀድሞ ወድቋል። ሰው ግን የቆመውን ብቻ ፎቶግራፍ ያነሣል።

እንዲህ ያለ ደንጊያ በሌላም አገር አለ። በዚምባብዌ፥ ከሐራሬ ከተማ አጠገብ፥ በኤፕወርዝ የሚገኙት ደንጊያዎች ከግራናይት ሆነው በዚሁ መንገድ የቆሙ ናቸው፤ የአገሩም ሰዎች ሥዕላቸውን በገንዘባቸው ላይ አትመዋል።

በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ ፍየሎቻቸውን እየነዱ መጡ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ የልጁ አባት በኦሮምኛ ስለ ደንጊያው ጠየቃቸው። እርሳቸውም «አባቴ እንዲህ ቆሞ አገኘው፤ አያቴም እንዲህ ቆሞ አገኘው። ፍየሎቻችን በቀትር በጥላው ያርፋሉ። ጥላው ሲዞር እኛም አብረን እንዞራለን» አሉ። ከስንቃችን ዳቦ ሰጠናቸው፤ እርሳቸውም ለልጆቹ ከሽልጦ ሳይቀር የሚጥም የፍየል ወተት አጠጧቸው።

ሽማግሌው ገና አብረውን ተቀምጠው ሳሉ ከልጆቹ ረጅሙ ራቅ ብሎ ሄደ። አንገቱ እንደ ሰው ወገብ ብቻ በሆነ አንድ ደንጊያ ላይ ትከሻውን አስጠግቶ «የኔታ፥ ይነቃነቅ እንደ ሆነ ልሞክረው?» አለ። እኔም ፍየሎቹ እስኪበረግጉ ድረስ ጮኽሁበት። ልጁ ደንግጦ ቀለሙ ተለወጠ። እንዲህ ያለ ቍጣ ከእኔ አይቶ አያውቅምና። ስለዚህ በጥላው ሥር አስቀምጬ እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ያልተናገርሁትን ነገር ነገርኋቸው።

እኔ የተወለድሁት በመንዝ ነው። ዕድሜዬ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖ ከብት ስጠብቅ፥ በሁለት መንደሮች መካከል፥ በገደል አፋፍ ላይ፥ በሌላ ደንጊያ ራስ የተቀመጠ አንድ ታላቅ ደንጊያ ነበረ። እንደ ዳካታው አይተልቅም፤ ሁለት በሬ ያህል ነበር። አንድ ቀን ሦስት እረኞች ሆነን፥ ማን ብርቱ እንደ ሆነ ለማየት፥ ሁለት አጣና ቈርጠን ከሥሩ አስገብተን ፈነቀልነው። ለጊዜው እንቢ አለ፤ ኋላ ግን ቀስ ብሎ ዘነበለና ሄደ። ገደሉ እንደ መድፍ ጮኸ፤ አቧራውም ተነሣ። እኛ በመሬት ላይ እየተንከባለልን ሣቅን።

ያ ደንጊያ ለካ የሁለቱ መንደሮች የግጦሽ ወሰን ነበረ። ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር የኖረው «ከደንጊያው ወዲህ የእኛ፥ ከደንጊያው ወዲያ የእናንተ» የሚል ቃል ብቻ ነበረ እንጂ የተጻፈ ነገር አልነበረም። በሚመጣው ክረምት ከብት ተቀላቀለ፤ «አልፋችኋል፥ አላለፍንም» ተባባሉ፤ በትር ተማዘዙ። አንድ ሰው ክንዱ ተሰበረ። ሽማግሌዎች በዋርካ ሥር ሁለት ቀን ተቀምጠው ደንጊያው የቆመበትን ቦታ ፈለጉ፤ አንዱ እዚህ ነው ይላል፥ አንዱ እዚያ ነው ይላል። ሁለት አማቾች በዚህ ምክንያት ሳይነጋገሩ ኖረው አንደኛው ሞተ። እኛ ሦስታችን ሁሉን እያወቅን ዝም አልን። ደንጊያውን ማን እንደ ጣለው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ብዙ ሰዎች መብረቅ ነው ይላሉ።

ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ከእኔ ፊት ዓይናቸውን አነሡ፤ እኔም ባያዩኝ ወደድሁ። ቀጥዬም እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርጉ ልጆች ብቻ እንዳይደሉ ነገርኋቸው። በአሜሪካ አገር፥ በዩታ ግዛት፥ ጐብሊን ሸለቆ በሚባል ጥብቅ ስፍራ፥ በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ላይ፥ ታዳጊ ወጣቶችን እየመሩ የሄዱ ጎልማሶች በአንገቱ ላይ የቆመ የአሸዋ ደንጊያ ገፍተው ጣሉ። ሲጥሉትና ሲሣቁም ራሳቸው በቪድዮ ቀረጹት። በኋላ ሲጠየቁ «በልጆች ላይ እንዳይወድቅ ብለን ነው» አሉ። ወደ ፍርድ ቤትም ቀርበው ጥፋታቸውን አመኑ፥ ተቀጡም። መቀጮው ግን ደንጊያውን አላቆመውም። ለጠንካራ ግንበኛ ቢሰጡት እንኳ ሲሚንቶ የያዘው ሌላ ነገር ይሆናል እንጂ ውሃ የቀረጸው ያ ደንጊያ አይሆንም።

ከመነሣታችን በፊት ዙሪያውን ስንመለከት፥ ከአንዱ ደንጊያ ሥር ስሞች በነጭ ቀለም ተጽፈው፥ በሌላውም ጥግ እሳት ነዶ ጠቁሮ አየን። ስሙን የጻፈው ሰው ክፉ አልመሰለኝም፤ እዚህ መጥቼ ነበር ማለቱ ነው። እሳቱ ግን ከቀለሙ የባሰ ነው። የግራናይት ዘሮች በሙቀት ጊዜ እኩል አይነፉም፤ ስለዚህ እሳት የነካው ፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ይወድቃል። ከጥንት ጀምሮ ደንጊያ ጠራቢዎች ታላቅ ደንጊያ ለመሰንጠቅ እሳት ያነዱበት የነበረው ስለዚህ ነው። እኛም ቡናችንን ከደንጊያዎቹ ርቀን፥ በወንዙ ደረቅ አሸዋ ላይ አፈላን።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ የደንጊያዎቹ ጥላ ረዝሞ ሸለቆውን አቋረጠ፤ ሽኮኮዎችም ከየስንጥቁ ብቅ ብቅ አሉ። ያች ልጅ ከወንዙ ዳር አንድ እፍኝ አሸዋ በመሐረብ ቋጠረች፤ ዛሬ በክፍላችን መስኮት ላይ፥ ከመካኒሳ ወንዝ በመጣ ጥቁር ደንጊያ አጠገብ፥ በብርጭቆ ውስጥ ተቀምጧል። ማጉያ መነጽር ያለው ሰው ሦስቱንም ዘር ለይቶ ያያል።

በመመለሻችን ያ ረጅሙ ልጅ እስከ ጨርጨር ድረስ ሳይናገር መጣ። ሌሎቹ ካንቀላፉ በኋላ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «የኔታ፥ የመንዙ ደንጊያ የወደቀበትን ስፍራ ያውቁታልን?» አለኝ።

«አውቀዋለሁ፤ ከገደሉ ሥር ለሦስት ተሰብሮ ተኝቷል» አልሁት።

«የቆመበትንስ?»

«እርሱንም አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ለሰዎቹ ለምን አያሳዩአቸውም?» አለኝ። እኔም መልስ ሳልሰጠው መኪናው ወደ አሰበ ተፈሪ ወረደ። ፋሲካ ሲደርስ ግን ወደ መንዝ ለመሄድ ስንቄን አዘጋጅቻለሁ።